የሚርገበገብን ስክሪን ማረጋጋት፦ የዊንዶውስ ፎርምስ ደብል በፈሪንግ ሲገመገም

ማይክሮሶፍት ከዊንዶውስ ፎርምስ (የዴስክቶፕ መስኮቶችን መሥሪያ) ጋር የሚሰጠው፣ የስክሪንን መርገብገብ የሚያስቀረው የደብል በፈሪንግ አገልግሎት፣ የዴስክቶፕ ፕሮግራም ለሚጽፍ ባለሙያ በአንዲት መስመር ኮድ ትልቅ ለውጥ የሚያመጣ መሣሪያ ነው። ይሁን እንጂ ያቺ መስመር የት እንደምትሠራና የት እንደማትሠራ ሳይለዩ የሚጠቀሙባት ብዙዎች ስለሆኑ፣ መሣሪያው ያለ ጥፋቱ ሲወቀስ፣ አንዳንድ ጊዜም ባልሠራው ሥራ ሲመሰገን እሰማለሁ። በዚህ ጽሑፍ የምገመግመው ከሥራ ልምድ በመነሣት ነው፤ ይኸውም ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ በደምበጫ፣ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አድርጎ እስከ ባሕር ዳር በሚዘልቀው መንገድ ላይ ላሉ የእህል መጋዘኖችና ወፍጮ ቤቶች ፕሮግራም ከመሥራት ባገኘሁት ልምድ ነው።

መሣሪያውን በደንብ የፈተነልኝ በቡሬ በሚገኝ አንድ የእህል መጋዘን የመኪና ሚዛን ንባብ የሚያሳየው ፕሮግራም ነው። በቆሎ ወይም ስንዴ የጫነ አይሱዙ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ፣ ሚዛኑ ክብደቱን በገመድ በኩል በየቅጽበቱ ወደ ኮምፒውተሩ ይልካል፤ ፕሮግራሙም ቁጥሩን በትልልቁ ይጽፋል፣ ከሥሩም ክብደቱ እየተወዛወዘ ሄዶ የሚረጋበትን መስመር በግራፍ ይሥላል። እህሉን ያመጣው ገበሬም ሆነ የሚገዛው ነጋዴ ያንን ስክሪን ከውጭ ቆመው ይመለከቱታል። ቁጥሩ ብልጭ ድርግም ሲል ባለ እህሉ የሚጠረጥረው ሚዛኑን ነው፤ መዛኙ ደግሞ በመብራት መዋዠቅ ያሳብባል። መብራት በሚዋዥቅበት አካባቢ ይህ ግምት አያስገርምም፤ ነገር ግን ላፕቶፑ ከመብራት ተነቅሎ በባትሪ ሲሠራም ያው መርገብገብ ከቀጠለ፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ረግተው ከታዩ፣ ምክንያቱ ያለው በራሱ በፕሮግራሙ ውስጥ ነው። በኩንታል ዋጋ የሚደራደሩ ሁለት ሰዎች በአንድ ቁጥር መተማመን ስላለባቸው፣ የዚህን ስክሪን መርጋት ከፕሮግራሙ ዋና ግዴታዎች አንዱ አድርጌ እቆጥረዋለሁ።

የመርገብገቡ ምንጭ ሳይታወቅ መድኃኒቱን መመዘን አይቻልም። አንድ የመስኮት ክፍል እንደ አዲስ መሣል ሲኖርበት ሁለት ሥራዎች በተከታታይ ይከናወናሉ፤ በመጀመሪያ የነበረው ይዘት በጀርባው ቀለም ይደመሰሳል፣ ቀጥሎም አዲሱ ይዘት ይሣላል። በ60 ኸርዝ የሚሠራ ስክሪን በየ16.7 ሚሊሰከንዱ ስለሚታደስ፣ ጀርባው ተደምስሶ ቁጥሩ ገና ባልተጻፈበት ቅጽበት ላይ እድሳቱ ከደረሰ ለዓይን የሚታየው ባዶው መደብ ነው። ቀጣዩ እድሳት ቁጥሩን ያሳያል፣ ከዚያ በኋላ ያለው እንደገና ባዶውን ሊያሳይ ይችላል፤ ይህ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ደጋግሞ ሲፈጠር ቁጥሩ የሚርገበገብ ይመስላል። ግራፉ ላይ ሁኔታው ይባባሳል፤ ምክንያቱም መደቡ፣ ፍርግርጉ፣ የቁጥር ምልክቶቹና መስመሩ አንድ በአንድ የሚሣሉ በመሆናቸው፣ ዓይን ባዶውን ብቻ ሳይሆን በግማሽ የቀረውንም ሥዕል ያገኘዋል።

ደብል በፈሪንግ ይህንን የሚያስቀረው ሥዕሉን ከስክሪኑ ፊት ወደ ኋላ በመውሰድ ነው። በሜሞሪ ውስጥ ከመስኮቱ ክፍል ጋር እኩል መጠን ያለው ምስል (በፈር) ይዘጋጃል፤ መደምሰሱም፣ ፍርግርጉም፣ መስመሩም፣ ጽሑፉም በዚያ በማይታየው ምስል ላይ ይሠራል፤ ሁሉም ካለቀ በኋላ ውጤቱ በአንድ የቅጂ ትእዛዝ ወደ ስክሪኑ ይወጣል። በጣና ዙሪያ ባሉ ገዳማትና አድባራት፣ በጨርቅ ላይ ተሥሎ በመቅደሱ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ሥዕል ያየ ሰው ሐሳቡን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ሠዓሊው ሥራውን የሚጨርሰው በጨርቁ ላይ ነው፣ ግድግዳው የሚቀበለውም ያለቀውን ነው። በስክሪኑ ላይ ባዶው መደብ ለብቻው የሚታይበት ቅጽበት ስለማይኖር፣ ዓይን ከአሮጌው ቁጥር በቀጥታ ወደ አዲሱ ቁጥር ይሻገራል።

ዊንዶውስ ፎርምስ ከዶት ኔት ፍሬምወርክ (የማይክሮሶፍት የፕሮግራም መሥሪያና ማስኬጃ መሠረት) 1.0 ጋር በ2002 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ሲወጣም ይህ ችሎታ ነበረው፤ ነገር ግን ፕሮግራም አዘጋጁ በርካታ የቅንብር ምልክቶችን አንድ ላይ ማብራት ይጠበቅበት ነበር። በ2005 በወጣው ዶት ኔት ፍሬምወርክ 2.0 ላይ ደብልበፈርድ የተባለው ፕሮፐርቲ (የሚበራና የሚጠፋ ቅንብር) ተጨመረ፤ ይህንንም እውነት ብሎ መሰየም ብቻውን ሁለት ነገሮችን ያከናውናል። አንደኛው የበፈሩን አሠራር ማብራት ሲሆን፣ ሁለተኛው ጀርባውን ለብቻው የሚደመስሰውን መልእክት ችላ ብሎ መደምሰሱንም መሣሉንም በአንድ የመሣያ ጥሪ ውስጥ ማጠቃለል ነው። ሁለተኛው ሥራ ብዙ ጊዜ አይነሣም፤ እኔ ግን ከፊሉ ምስጋና የሚገባው ለእሱ ነው እላለሁ። በፈር ተዘጋጅቶ ሳለ ጀርባው በቀጥታ ስክሪኑ ላይ ቢደመሰስ ኖሮ መርገብገቡ ባልጠፋ ነበርና፣ ንድፉን ያወጡት ሰዎች ሁለቱን በአንድ ፕሮፐርቲ ማሰራቸው የሚያስመሰግናቸው ነው።

በሚዛኑ ፕሮግራም ላይ ውጤቱ ወዲያውኑ የሚታይ ነበር። ቁጥሩ እየተለወጠም ቢሆን ረግቶ ይነበባል፤ የመስኮቱ ጠርዝ ተይዞ ሲጎተትም ግራፉ ባዶ ሳይሆን ራሱን ያስተካክላል። ለዚህ የተከፈለ ተጨማሪ ዋጋ የለም፤ የሚወርድ ተጨማሪ ጥቅልም የለም። ዶት ኔት ፍሬምወርክ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ የሚመጣ በመሆኑ፣ በ2019 ከወጣው የዊንዶውስ 10 እትም ጀምሮም እትም 4.8 በውስጡ ስላለ፣ ኢንተርኔት በማይደርስበት መጋዘን ፕሮግራሙን በፍላሽ ወስዶ መጫን ይቻላል። ለእኛ አካባቢ ይህ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ፕሮፐርቲው ከተቀመጠበት ቦታ ነው። ደብልበፈርድ ፕሮቴክትድ ሆኖ የተሠራ ስለሆነ ከክላሱ (ዕቃው ከተሠራበት የኮድ ንድፍ) እና ከእሱ ከሚወርሱት ውጭ ሆኖ የሚነካው የለም፤ ፎርሙ (የፕሮግራሙ መስኮት) ራሱ በራሱ ላይ ሊያበራው ይችላል፣ በፎርሙ ላይ በተቀመጠ ፓነል (የመስኮቱ አንድ ክፍል) ላይ ግን ሊያበራው አይችልም። ግራፍ የሚሣለው ደግሞ ብዙውን ጊዜ በፓነል ላይ ነው። ስለዚህ ጀማሪው በፎርሙ ላይ አብርቶት ፓነሉ እንደቀድሞው ሲርገበገብ ያያል፤ አብዛኛውም ሰው "ደብል በፈሪንግ አይሠራም" የሚል መደምደሚያ ላይ የሚደርሰው በዚህ ቦታ ነው። ትክክለኛው መንገድ ከፓነል የሚወርስ የራስን ክላስ ጽፎ ዕቃው ሲፈጠር በሚሠራው የግንባታ ኮድ ውስጥ ፕሮፐርቲውን ማብራት ነው፤ ይህም ከጥቂት መስመሮች አይበልጥም። ፒክቸር ቦክስና ሌብል የተባሉት፣ ምስልና ጽሑፍ የሚያሳዩት ኮንትሮሎች (በፎርም ላይ የሚቀመጡ ዕቃዎች) በራሳቸው በፈር ስለሚጠቀሙ፣ ለቀላል ሥራ ፓነሉን በፒክቸር ቦክስ መተካትም ይበቃል። ይሁንና ይህን ያህል የሚፈለግ ነገር ለሁሉም ክፍት ሆኖ ቢቀርብ ይሻል ነበር የሚለው አቋሜ የጸና ነው፤ የጃቫ የመስኮት መሥሪያ በሆነው በስዊንግ ተመሳሳዩ ማብሪያ ለማንኛውም ኮንትሮል ከውጭ የሚጠራ ነው፣ በመሠረቱም በርቶ ነው የሚመጣው።

ሁለተኛው ቅሬታ ከመጀመሪያው የከበደ ነው። ፕሮፐርቲው የሚያረጋጋው አንድን ኮንትሮል ለብቻው ነው። በአንድ ፎርም ላይ ሠላሳ የጽሑፍ ሳጥኖች፣ ቁልፎችና ዝርዝሮች ካሉ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው መስኮት ስለሆኑና በየተራ ስለሚሣሉ፣ ፎርሙ ሲከፈት ወይም መጠኑ ሲለወጥ ቁርጥራጩ አንድ በአንድ ሲሞላ ይታያል። ለዚህ የሚሆነው መፍትሔ ከዊንዶውስ ኤክስፒ ጀምሮ ያለው ኮምፖዚትድ የተባለው የመስኮት ስታይል ሲሆን፣ ፎርሙና በውስጡ ያሉት ሁሉ ከታች ወደ ላይ በአንድ በፈር ላይ እንዲሣሉ ያደርጋል። እኔ ይህን የምጠቀመው ለምዝገባ ፎርሞች እንጂ በየቅጽበቱ ለሚለዋወጥ ስክሪን አይደለም፤ ምክንያቱም አንዲት ትንሽ ክፍል ስትለወጥ የሚከተለው የመሣል ሥራ ሊበዛና በአሮጌ ኮምፒውተር ላይ የመስኮቱ መጠን ሲለወጥ መዘግየት ሊፈጠር ይችላል። የሚሻለው ብዙ ኮንትሮል ከመደርደር ይልቅ ቁጥሩን፣ ግራፉንና የሁኔታ ምልክቱን በአንድ ኮንትሮል ውስጥ ራስ መሣል ነው። የሚዛኑ ፕሮግራም ዋና ስክሪን የተሠራው በዚህ መልክ ነው፤ ከመረጥኳቸው የአሠራር መንገዶች ሁሉ ይበልጥ የምመክረውም ይህንኑ ነው።

ከመሣሪያው ጉድለት ሳይሆን ከአጠቃቀሙ የሚመጣ፣ በጀማሪዎች ኮድ ላይ ደጋግሞ የሚታይ አንድ ነገር አለ። ክሬት ግራፊክስ የተባለውን ጥሪ በመጠቀም ቁልፍ ሲጫን ወይም ሰዓት ቆጣሪው ሲደርስ በቀጥታ ስክሪኑ ላይ የሚሥል ፕሮግራም፣ ደብልበፈርድ በርቶ እንኳ ምንም ጥቅም አያገኝም። በፈሩ የሚዘጋጀው ዊንዶውስ የመሣያ መልእክት ሲልክ ለሚጠራው ለኦንፔይንት ብቻ ነው፤ ከዚያ ውጭ የሚሣለው ነገር በፈሩን አልፎ ይሄዳል፣ መስኮቱ እንደገና ሲሣልም ይጠፋል። አዲስ ንባብ ሲመጣ መደረግ ያለበት ቁጥሩን በተለዋዋጭ ውስጥ አስቀምጦ ኢንቫሊዴት (ይህ ክፍል እንደገና ይሣል የሚል ጥሪ) ብሎ መጥራት ነው። የመሣያ መልእክቱ ሌሎች መልእክቶች ካለቁ በኋላ የሚደርስ ስለሆነ፣ በመካከሉ የተደራረቡ ጥሪዎች ተጠቃለው አንድ ጊዜ ብቻ ይሣላል። ሚዛኑ በሰከንድ ብዙ ንባብ ቢልክም ስክሪኑ የሚሥለው የሚችለውን ያህል ብቻ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የሰዓት ቆጣሪ ለሚጠቀም ደግሞ፣ የዊንዶውስ ፎርምስ ታይመር ትክክለኛነት እስከ 55 ሚሊሰከንድ የተወሰነ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል፤ ይህም በሰከንድ 18 ጊዜ ገደማ ነው፣ ለክብደት ንባብም ከበቂ በላይ ነው።

ስለ ሜሞሪ ወጪው የሚነሣው ስጋት በቁጥር ሲታይ ትልቅ አይደለም። ብዙ ርካሽ ላፕቶፖች ያላቸውን የ1366 በ768 ስክሪን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን በፈር፣ ለእያንዳንዱ ፒክስል 4 ባይት ሲታሰብ 4,196,352 ባይት፣ ማለትም 4 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል፤ ለ1920 በ1080 ደግሞ 8.3 ሚሊዮን ባይት ገደማ ነው። ባለ 4 ጊጋባይት ኮምፒውተር ይህን አይሰማውም። ይልቅ ሊታሰብበት የሚገባው በፈሩ ስንት ጊዜ እንደሚፈጠርና እንደሚፈርስ ነው። አገልግሎቱ ለድጋሚ ጥቅም የሚያቆየው በፈር በመነሻው 225 በ96 ፒክስል፣ ይኸውም የአንድ ቁልፍን ሦስት እጥፍ ያህል ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚበልጥ ሲጠየቅ ጊዜያዊ በፈር ተሠርቶ ከአገልግሎት በኋላ ይጣላል። ሙሉ ስክሪን የሚይዝ ግራፍ ያለው ሰው ማክሲመም በፈር የተባለውን መጠን ከኮንትሮሉ ስፋት ጋር ማስተካከል፣ ወይም በፈርድ ግራፊክስ በተባለው ክላስ የራሱን በፈር ይዞ መቆየት ይችላል።

የራስን በፈር መያዝ ግን ኃላፊነት አለበት። የመስኮቱ መጠን ሲለወጥ አሮጌው በፈር በዲስፖዝ (የተያዘውን በሚለቅ ጥሪ) ተለቅቆ በአዲስ መጠን ሌላ መሠራት አለበት፤ መስኮቱ ወደ ታች ሲወርድ ስፋቱ ዜሮ ስለሚሆን፣ በዜሮ ስፋት ቢትማፕ (የሜሞሪ ምስል) ለመሥራት መሞከር ፕሮግራሙን በስሕተት ያቆመዋል። ዲስፖዝ ከተረሳ ደግሞ ችግሩ የሚታየው ውሎ አድሮ ነው፤ ዊንዶውስ ለአንድ ፕሮግራም በመነሻው የሚፈቅደው 10,000 የጂዲአይ (የዊንዶውስ የሥዕል ክፍል) ነገሮችን ብቻ ስለሆነ፣ በየሥዕሉ ብዕር፣ ብሩሽና ምስል እየፈጠረ የማይለቅ ፕሮግራም ጠዋት ደህና ሠርቶ ከሰዓት በኋላ መሣል ያቆማል። ሚዛን ቤት ውስጥ ፕሮግራሙ ቀኑን ሙሉ ሳይዘጋ ስለሚውል ይህ ጉዳይ ከሌላ ቦታ ይልቅ ይከፋል።

ለእኛ ለአማርኛ ተጠቃሚዎች አንድ ለብቻው መነገር ያለበት ነገር የጽሑፉ ጥራት ነው። ፊደሎቻችን በትናንሽ ቅጥያዎች የሚለያዩ በመሆናቸው፣ ጠርዛቸው ሲጎድፍ ወይም ሲጠቁር ማንበብ ያስቸግራል። በፈሩ በግልጽ ቀለም ማለትም ያለ ምንም መደብ ተዘጋጅቶ በላዩ ላይ ክሊርታይፕ (የዊንዶውስ የፊደል ማለስለሻ) ያለው ጽሑፍ ከተጻፈ፣ የማለስለሻው ሥራ የሚዋሐድበት የጀርባ ቀለም ስለማያገኝ በፊደሎቹ ዙሪያ የጠቆረ ጠርዝ ይፈጠራል። ከመጻፍ በፊት በፈሩን በሙሉ ግልጽ ባልሆነ ቀለም መሙላት ይህንን ያስወግዳል፤ ደብልበፈርድ በርቶ ኦንፔይንት ውስጥ የሚሣለው ሥራ ከኮንትሮሉ ጀርባ ቀለም ጋር ስለሚመጣ ይህ ችግር አይገጥመውም። በተጨማሪም ኢብሪማ የተባለው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ 10 ጋር አብሮ የሚመጣ ሲሆን ኒያላ ግን ተጨማሪ ሆኖ የሚጫን ነው፤ ስለዚህ የትም ለሚጫን ፕሮግራም ኢብሪማን መሠረት ማድረግ ይሻላል።

መሣሪያው የማያደርገውን መናገርም ግምገማውን ሚዛናዊ ያደርገዋል። ደብል በፈሪንግ ሥዕሉን አያፈጥነውም። አንድ ግራፍ ለመሣል 40 ሚሊሰከንድ የሚፈጅ ከሆነ፣ በፈር ኖረም አልኖረ በሰከንድ ከ25 ጊዜ በላይ አይሣልም፤ የሚለየው ያለ መርገብገብ መሣሉ ብቻ ነው። ፍጥነት የሚመጣው የተለወጠውን ክፍል ብቻ ኢንቫሊዴት በማድረግ፣ የማይለወጠውን ፍርግርግ አንድ ጊዜ በምስል ላይ ሥሎ ደጋግሞ በመቅዳት፣ በየሥዕሉ አዲስ ብዕር ባለመፍጠር ነው። እንዲሁም በፍጥነት በሚንቀሳቀስ ምስል ላይ የላይኛው ግማሽ ከታችኛው ጋር አለመግጠሙ፣ ቅጂው ከስክሪኑ እድሳት ጋር ካለመጣጣሙ የሚመጣ ሌላ ጉዳይ ነው። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ ሊጠፋ የማይችለው የዴስክቶፕ አቀናባሪ (የመስኮቶቹን ምስል ሰብስቦ ለስክሪኑ የሚያቀርበው የዊንዶውስ ክፍል) ይህንን በአብዛኛው ይቀንሰዋል። ሆኖም አቀናባሪው ራሱ በግማሽ የተሣለ መስኮት ሊያነሣ ስለሚችል፣ "ዊንዶውስ አሁን በራሱ በፈር ያደርጋል" ብሎ ፕሮግራሙን ያለ በፈር መተው አያዋጣም።

ባሕር ዳር ቁጭ ብሎ የቡሬን ኮምፒውተር በሪሞት ዴስክቶፕ ለሚከታተል ሰው ደግሞ ሁኔታው ይለወጣል። በእንዲህ ያለ ግንኙነት ላይ ጥቂት የሥዕል ትእዛዞችን ከመላክ ይልቅ ያለቀውን ምስል በየጊዜው መላክ መስመሩን ሊያጨናንቅ ይችላል፤ በቀጭን ኢንተርኔት ላይ የቁጥሩ መዘግየት ከመርገብገቡ ይብሳል። ዊንዶውስ ፎርምስ ፕሮግራሙ በሪሞት እየታየ መሆን አለመሆኑን የሚናገር ተርሚናል ሰርቨር ሴሽን የተባለ ፕሮፐርቲ ስላለው፣ እውነት ሲሆን በፈሩን ማጥፋትና የእድሳቱን ቁጥር መቀነስ ይቻላል።

ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር፣ ኪውቲ የተባለው የመስኮት መሥሪያ ከእትም 4 ጀምሮ ሁሉንም በራሱ በፈር ያደርጋል፣ ፕሮግራም አዘጋጁም ምንም አይጽፍም፤ በ2006 የወጣው የማይክሮሶፍት ሌላ የመስኮት መሥሪያ፣ ደብሊው ፒ ኤፍ ደግሞ ሥዕሉን በግራፊክስ ካርድ በኩል ስለሚያወጣ የመርገብገብ ጥያቄ እምብዛም አይነሣበትም። አዲስ ሥራ የሚጀምርና ጊዜ ያለው ሰው እነዚህን ቢመለከት አልቃወምም። ነገር ግን በእጅ ያለው ኮምፒውተር አሮጌ፣ ፕሮግራሙ ትንሽ፣ ጠጋኙም አንድ ሰው ብቻ በሆነበት የመጋዘን ሥራ፣ ዊንዶውስ ፎርምስ ከነጉድለቱ አሁንም ቀዳሚ ምርጫዬ ነው፤ ደብል በፈሪንጉንም ያለ ማመንታት እመክራለሁ።

ፕሮግራም አሠርቶ የሚረከብ የመጋዘን ባለቤት ኮድ ማንበብ ሳያስፈልገው ይህን ሁሉ ሊያጣራ ይችላል። ላፕቶፑን ከመብራት ነቅሎ በባትሪ ያሠራው፤ የመስኮቱን ጠርዝ ይዞ ወዲያና ወዲህ እየጎተተ ቁጥሩና ግራፉ ባዶ ይሆኑ እንደሆነ ይመልከት፤ መስኮቱን ወደ ታች አውርዶ መልሶ ያውጣው፤ መኪና ሚዛኑ ላይ እየወጣ ሳለም ቁጥሩን ከውጭ ባለ እህሉ ከሚቆምበት ቦታ ሆኖ ያንብበው። በመጨረሻም ታስክ ማናጀርን ከፍቶ በዝርዝሩ ገጽ ላይ የጂዲአይ ነገሮችን ቁጥር የሚያሳየውን ዓምድ ያውጣና ጠዋት አንድ ጊዜ፣ ማታም አንድ ጊዜ ይመዝግበው፤ ቁጥሩ ሳይቀንስ እየጨመረ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ፕሮግራሙ የያዘውን አይለቅም ማለት ነውና፣ ቀሪው ክፍያ ከመፈጸሙ በፊት እንዲስተካከል ይጠይቅ።